እውነት ወይስ ተረት? ፓርኪንሰን የሚይዘው እጅን አይደለም

ፓርኪንሰን የእጅ በሽታ አይደለም። የእግርም፣ የጡንቻም፣ የአጥንትም አይደለም። እንቅስቃሴን የሚፈቅደውና የሚከለክለው የአንጎል መስመር ሲታወክ የሚመጣ ሕመም ነው። ይህን የተረዳ ቤተሰብ የቀረውን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ያልተረዳ ቤተሰብ ግን የገዛ አባቱን ሰነፍ፣ ኩሩ፣ አስመሳይ ወይም ጂን የሰፈረበት እያለ ዓመታት ያሳልፋል፤ አባትየውም በዚያ ሁሉ ዓመት መድኃኒት ያለውን ሕመም ያለ መድኃኒት ይሸከማሉ።

ይህን ስጽፍ በተለይ አይሻን አስባለሁ። በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን፣ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው ሐዲድ ላይ ያለች ቆላማ ከተማ ናት፤ ነፋሷ ብርቱ ስለሆነ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተተክሎባታል። በዚያ አካባቢ ሕመም የጠናበት ሰው ወይ ወደ ድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ ወይ ወደ ጅግጅጋ ካራማራ ወይም ሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል ይወሰዳል። የነርቭ ሐኪም ግን በአገር ደረጃም ብርቅ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ አብዛኞቹ የነርቭ ሐኪሞች የሚሠሩትም አዲስ አበባ ውስጥ ነው። በመሆኑም የመጀመሪያውን ምርመራ የሚያደርገው ጎረቤት ነው። ጎረቤት የሚለውን ነው እንግዲህ የማነሳው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«እጁ ካልተንቀጠቀጠ ፓርኪንሰን አይደለም»

ተረት ነው። ሕመሙ ሲጀምራቸው እጃቸው ጨርሶ የማይንቀጠቀጥ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ ከአራት ሕሙማን አንዱ ገደማ እንዲህ ነው። ሐኪም የሚፈልገው ዋና ምልክት መንቀጥቀጥ ሳይሆን መንቀርፈፍ ነው፦ እንቅስቃሴው ይዘገያል፣ ሲደጋገም ደግሞ እያነሰ እያነሰ ይሄዳል። በዚህ ላይ የሰውነት ግትርነት ወይም የእጅ መንቀጥቀጥ ሲጨመርበት ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ግመል የሚያልብ ሰው ተመልከቱ። በአንድ እግሩ ይቆማል፤ የሌላውን እግር መርገጫ በቆመበት እግር ጉልበት ላይ አሳርፎ የወተቱን ዕቃ ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ሁለቱ እጆች ይፈራረቃሉ፤ ፈጣን፣ እኩል፣ ሳይታሰብበት የሚሄድ ሥራ ነው። ፓርኪንሰን የጀመረው ሰው እዚህ ላይ ይጋለጣል። አንደኛው እጅ፣ አንደኛው ብቻ፣ ጥቂት ካለበ በኋላ ስቡ ያጥራል፣ ከሌላው ወደ ኋላ ይቀራል። ሰውየው «ክንዴን ብርድ መቶኝ ነው» ይላል። ሚዛን አጥቶ መንገዳገድ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ዘግይቶ ስለሆነ ቆሞ ማለቡን ገና አልተወም። ሴቶች ላይ ደግሞ ላሖህ የሚባለው ቂጣ ሲጋገር ይታያል፤ ሊጡን ምጣዱ ላይ በክብ እየዞረ የሚያሰፋው እጅ ክቡን እያጠበበ ይመጣል። ሲራመዱ አንዱ ክንድ መወዛወዙን ማቆሙም የታወቀ ምልክት ነው፤ የእኛ አርብቶ አደር ግን ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን ስለሚያንጠለጥልበት ይህን ምልክት ማንም ሳያየው ዓመት ያልፋል።

የሚንቀጠቀጥ እጅ ሁሉም ፓርኪንሰን አይደለም። የሻይ ብርጭቆ ሲያነሳ ወይም ማንኪያ ወደ አፉ ሲያቀርብ የሚንቀጠቀጥ ሰው ብዙውን ጊዜ ያለበት ኢሴንሻል ትሬመር የሚባል ሌላ ሕመም ነው፤ በዘር ሊተላለፍ የሚችል ሲሆን ከፓርኪንሰን ይልቅ እጅግ ይበዛል። የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራም እጅ ይንቀጠቀጣል። የፓርኪንሰኑ ግን ዕረፍት ላይ ያለ እጅ ነው የሚነቃነቀው። ሽማግሌው ቁጭ ብለው እጃቸውን ጭናቸው ላይ ሲያሳርፉ አውራ ጣት በሌባ ጣት ላይ ይመላለሳል፤ በሰከንድ ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ። የማያውቅ ሰው ሙስበሃ እየቆጠሩ፣ ዚክር ላይ ያሉ ሊመስለው ይችላል። ብርጭቆውን ለማንሳት እጃቸውን ሲዘረጉ ደግሞ ይቆማል ወይም ይቀንሳል።

«የፈረንጅ በሽታ ነው፣ እኛን አይዝም»

ተረት ነው፤ በአጭሩ የሚታለፍ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ 60,820 ሰዎችን በየቤታቸው ዞረው አጥንተው ውጤቱን በ1990 ሲያሳትሙ ፓርኪንሰንን ከመቶ ሺህ ሰው በሰባቱ ላይ አግኝተዋል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ሕዝቡ ግን ወጣት ነበር፣ ሕመሙ የሚበዛው ደግሞ ከ60 ዓመት በኋላ ነው። ዕድሜያችን እየረዘመ ሲሄድ ቁጥሩም አብሮ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በዓለም ላይ ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን እንደነበሩ ገምቷል። በ2023 ደግሞ በአብዛኛው ናይጄሪያውያንን ያሳተፈ ጥናት ጂቢኤ1 በተባለው ዘረመል ላይ የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ዘንድ የሚገኝ፣ ለፓርኪንሰን የሚያጋልጥ ለውጥ አግኝቷል። ወጣትም ይታመማል። የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅትን አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙት ወይዘሮ ክብራ ከበደ ራሳቸው ሕመሙ በጉልምስናቸው የያዛቸው ሰው ናቸው።

«እርጅና ነው፤ ጡንቻው ደክሞ ነው»

ይሄኛው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፤ የጉዳዩ ሆድ ዕቃ ያለው እዚህ ነውና።

ጡንቻው ደህና ነው። ከአከርካሪ ወጥቶ ጡንቻውን የሚያዘው ነርቭም ደህና ነው። ሐኪሙ «እጄን ጨብጥ» ሲላቸው ጉልበታቸው እንዳለ ያገኘዋል። የጎደለው ጉልበቱን በጊዜው፣ በልኩ የሚያስነሳው ነገር ነው።

በአንጎል ግንድ ላይኛው ክፍል፣ በግራም በቀኝም፣ ሰብስታንሺያ ናይግራ የሚባል ጠቆር ያለ ስስ ቦታ አለ። የሚያጠቁረው ሕዋሳቱ ውስጥ በዕድሜ የሚጠራቀም ቀለም ነው። እነዚህ ሕዋሳት ዶፓሚን የሚባለውን ኬሚካል ይሠራሉ፤ ክሮቻቸውን ወደ ላይ ልከውም ስትራያተም በሚባለው የአንጎል ውስጠኛ ክፍል ይለቁታል። ፓርኪንሰን እነዚህን ሕዋሳት ይገድላል። አልፋ ሲኑክሊን የሚባል ፕሮቲን ቅርጹን ስቶ ውስጣቸው ይጠራቀማል፤ እንዲህ ያለውን ክምችት በ1912 መጀመሪያ ያየው ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሌዊ ነው። እንቅስቃሴ ላይ ምልክት እስኪታይ ድረስ ከሕዋሳቱ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ሞተው ያልቃሉ። እርጅናም ጥቂት ይቀንሳቸዋል፤ እንዲህ ባለ ፍጥነት፣ ከአንድ ወገን ጀምሮ ግን አይጨርሳቸውም። ለዚህ ነው የ80 ዓመት ሽማግሌ ቀስ ብሎም ቢሆን ሁለት እጁን እያወዛወዘ የሚሄደው።

ዶፓሚን ለምን ያን ያህል ያስፈልጋል? ዝም ብለን ስንቀመጥ አንጎላችን ሥራ የፈታ ይመስለናል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ግሎበስ ፓሊደስ የተባለው ክፍል ታላመስን ያለ ማቋረጥ አፍኖ ይይዘዋል፤ ታላመስ ደግሞ ለእንቅስቃሴ አዛዡ የአንጎል ቅርፊት ማበረታቻ የሚልክ ነው። አይሻ ጣቢያ የቆመ ባቡር የማይሄደው ፍሬኑ ተይዞ ስለሆነ ነው፤ እኛም እንደዚያው ነን። ብርጭቆ ለማንሳት ስንነሳ ለዚያች እንቅስቃሴ ብቻ ፍሬኑ ይለቀቃል፣ ለሌሎቹ ይጠብቃል። ሥራውን የሚሠሩት ከስትራያተም የሚነሱ ሁለት መንገዶች ናቸው። ቀጥተኛው መንገድ ግሎበስ ፓሊደስን ዝም አሰኝቶ ፍሬኑን ያስለቅቃል። ተዘዋዋሪው መንገድ ሰብታላሚክ ኒውክሊየስ በምትባል ትንሽ ክፍል በኩል ዞሮ ፍሬኑን ያጠብቃል። ዶፓሚን ቀጥተኛውን ያበረታል፣ ተዘዋዋሪውን ያለዝባል፤ በሁለቱም በኩል ለእንቅስቃሴ ያደላል። ዶፓሚን ሲጎድል ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይገለበጣሉ፤ የሚለቀው ይደክማል፣ የሚያጠብቀው ይበረታል። ሰውየው መነሳት ይፈልጋል፣ ጉልበቱም አለ፤ ፍሬኑ ግን አልተለቀቀለትም።

ይህ ግምት ብቻ እንዳልሆነ ያሳየ አንድ አሳዛኝ ታሪክ አለ። በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰው ሠራሽ አደንዛዥ ዕፅ የወሰዱ ጥቂት ወጣቶች በቀናት ውስጥ እንደ ድንጋይ ደርቀው ሆስፒታል ገቡ። መናገር አቃታቸው፣ ፊታቸው ደረቀ፣ ውስጣቸው ግን ነቅቶ ነበር። ዶክተር ዊልያም ላንግስተን ምርመራውን ሲከታተል ዕፁ ኤምፒቲፒ በሚባል መርዝ የተበከለ ሆኖ ተገኘ፤ መርዙ የሚያጠቃው ያንኑ ጥቁር ቦታ ነው። የጎደለውን ዶፓሚን የሚተካው ሌቮዶፓ የተባለ መድኃኒት ሲሰጣቸው ተንቀሳቀሱ። በ1990 ደግሞ በጆንስ ሆፕኪንስ የነማህሎን ዴሎንግ ቡድን በዚያው መርዝ የታመሙ ጦጣዎችን ሰብታላሚክ ኒውክሊየስ ሲያመክነው እንስሳቱ ወዲያው ተፍታቱ። ፍሬኑን የሚያጠብቀውን ክፍል ማስወገድ እንቅስቃሴን መለሰ። ዛሬ በዚያችው ቦታ ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ አስገብቶ የሚደረገው ሕክምና ከዚህ ግኝት ጋር ይያያዛል።

ነገር ግን የፍሬኑ ምሳሌ ሁሉን አይገልጽም፤ ልክ እንደሆነ ብቻ ብናገር አንባቢን ማሳሳት ይሆናል። የሕሙማን አንጎል ሲለካ በነዚህ ክፍሎች ያሉት ሕዋሳት በሰከንድ ከ13 እስከ 30 ጊዜ በሚመላለስ ምት አብረው ሲነሱና ሲወድቁ ይገኛሉ። ጤነኛ አንጎል ውስጥ ይህ ምት እንቅስቃሴ ሊጀመር ሲል ይረግባል፤ ፓርኪንሰን ላይ ግን እየበረታ ይዘልቃል። መንቀጥቀጡ ደግሞ ሌላ መስመር ይጨምራል፤ ከትንሹ አንጎል ተነስቶ በታላመስ በኩል ወደ ቅርፊቱ የሚሄደውን። ሌቮዶፓ ግትርነቱን አስለቅቆ መንቀጥቀጡን የሚተውበት ጊዜ ያለው በዚህ ሳቢያ ሳይሆን አይቀርም። ቤተሰቡ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ሳይጥለው በፊት ሰውየው ከአልጋ እንዴት እንደተነሱ ቢያይ መልካም ነው።

ሕመሙ በእንቅስቃሴ ብቻ አይወሰንም። ለንደናዊው ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 ስድስት ሰዎችን መዝግቦ ሕመሙን ለዓለም ሲያሳውቅ አእምሮና ስሜት አይነኩም ብሎ ነበር። እዚያ ላይ ተሳስቷል። ማሽተት አለመቻል፣ የሆድ ድርቀት፣ በእንቅልፍ መካከል መጮህና መወራጨት እጅ ከመዘግየቱ ብዙ ዓመታት ቀድመው ሊመጡ ይችላሉ። የመንፈስ ጭንቀትም የዚሁ የአንጎል ለውጥ አካል ነው።

«ጂን ነው፤ ሲፈልግማ ይሄዳል!»

ይህ አባባል ብዙ ጉዳት አድርሷል። ቤተሰቡ ያየው ነገር እውነት ስለሆነ በቀላሉ አይለቅም። ከበር ደጃፍ ላይ እግራቸው ተጣብቆ የነበሩት ሽማግሌ ድንገት ሕፃን ሲወድቅ አይተው ተስፈንጥረው ይነሳሉ። መታጠፊያ ላይ የደረቁት ሰው ደረጃ ሲያገኙ ቀጥ ብለው ይወጣሉ። የሚያይ ሰው ወይ «ያስመስላል» ይላል፣ ወይ «የያዘው ለቀቀው» ይላል።

ምክንያቱ ሌላ ነው። ስትራያተም ውስጥ ዶፓሚን ቀድሞ የሚያልቀው ፑታሜን ከሚባለው ክፍል የኋለኛው ጫፍ ላይ ነው፤ ያ ቦታ ደግሞ በልማድ የምንሠራቸውን ነገሮች ይመራል። መራመድ፣ ዓይን ማርገብገብ፣ ምራቅ መዋጥ፣ እያወሩ ክንድ ማወዛወዝ፣ ፈገግታን በፈገግታ መመለስ፤ ሳናስበው የምናደርጋቸው ሁሉ ቀድመው ይጎዳሉ። እያሰቡ፣ እያዩ፣ በውጭ ምልክት ተመርተው የሚሠሩት ግን በሌላ መስመር ስለሚያልፉ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ። ድንገተኛ አደጋ፣ ዓይን ፊት ያለ ደረጃ፣ የሚሰማ ምት ለአንጎሉ ያንን ሌላ መስመር ይከፍቱለታል።

ይህን በቤት ውስጥ መጠቀም ይቻላል። እግራቸው የሚጣበቅበት በር ላይ በኖራ ወይም በቀለም አግዳሚ መስመሮች በእርምጃ ርቀት ቢሰመሩ ብዙዎች መስመሩን እየተሻገሩ ያልፋሉ። ምትም ይረዳል፤ በሶማሌው የዳንቶ ጭፈራ ጭብጨባ ያደገ ሰው ያንኑ ጭብጨባ ሰምቶ እርምጃውን ሊያስተካክል ይችላል። ከኋላ መግፋትና «ቶሎ በል» ማለት ግን ይጥላል። እግራቸው ሲጣበቅ ይቁሙ፣ ይተንፍሱ፣ ክብደታቸውን ከአንድ እግር ወደ ሌላው ያዛውሩ፣ ከዚያ ትልቅ እርምጃ ያስቡ።

ፊታቸው የማይፈታው፣ ድምፃቸው የሚያንሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሶማሌ ሰላምታው ረጅም ነው፤ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ይጠየቃል፣ ይመለሳል። አዎዌ (አያት) ፊታቸውን ሳይፈቱ በሹክሹክታ አንድ ቃል ሲመልሱ እንግዳው «ኩራት ነው፣ ቂም ይዘዋል» ብሎ ይሄዳል። ቂም አልያዙም። የፊታቸው ጡንቻ ሳይታዘዝ የሚሠራውን ሥራ ነው ያጡት። መሐመድ ዓሊ በ1996 አትላንታ ላይ፣ ፋጡማ ሮባ ማራቶን ባሸነፈችበት ኦሎምፒክ፣ እየተንቀጠቀጠ ችቦውን ሲለኩስ ዓለም ያየው ያን የደረቀ ፊት ነበር፤ ሕመሙ ከታወቀ 12 ዓመት ሆኖት ነበር።

ሼኹ ቁርኣን ቢቀሩባቸው ልብ ያሳርፋል፤ ከመድኃኒቱ ጋር አይጣላም። በጂን ስም መምታት፣ ማሰር፣ በእሳት መተኮስ ግን በሰውነት ላይ ሁለተኛ በሽታ መጨመር ነው።

«ጫት ነው ያመጣው»

ሁለት ተቃራኒ ወሬ አለ፤ አንዱ ጫት ፓርኪንሰን ያመጣል ይላል፣ ሌላው ጫት የተያዘን ሰው ያፍታታል ይላል። ሁለቱም መነሻ አላቸው፤ እንደሚነገሩት ግን እውነት አይደሉም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ዶፓሚን ከነርቭ ጫፎች እንዲለቀቅ ያደርጋል። የቃሚው እጅ ሲንቀጠቀጥ ግን ሁለቱም እጆች ናቸው፣ ነዘር ያለ ነው፣ ምርቃናው ሲበርድ ይቀራል። የጥቁሩ ቦታ ሕዋሳት መሞት ምልክት አይደለም። ከካቲኖን ጋር የሚዛመድ ሜትካቲኖን የተባለ ኬሚካል በቤት ውስጥ በፖታሲየም ፐርማንጋኔት እየተቀመመ በመርፌ ሲወሰድ ከባድ የመራመድና የመናገር ችግር እንደሚያመጣ የላትቪያ ሐኪሞች በ2008 አሳውቀዋል። ጥፋቱ የማንጋኒዝ ነበር፤ ማንጋኒዙ ግሎበስ ፓሊደስ ላይ ይቀመጣል፣ ሌቮዶፓም አይመልሰውም። ቅጠል የሚቅም ሰው ይህን አይወስድም።

ጫት ከፓርኪንሰን ምልክት ጋር በእውነት የሚገናኝበት መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ እዚህ ላይ አጥብቄ ልናገር። አብዝቶ የቃመ ሰው አእምሮው ሲታወክ፣ የሌለ ድምፅ ሲሰማና ሰው ያሳደደው ሲመስለው ሆስፒታል ይወሰዳል። ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን ወይም በወር አንዴ የሚወጋ ፍሉፌናዚን ይታዘዝለታል። መድኃኒቶቹ አስፈላጊ ናቸው፤ ነገር ግን ስትራያተም ላይ ዶፓሚን የሚቀበለውን ቦታ ይዘጋሉ። ከሳምንታት በኋላ ልጁ ይገተራል፣ ፊቱ ይደርቃል፣ ምራቁ ይዝረከረካል፣ እርምጃው ያጥራል። ቤተሰቡም «ጫት ሽባ አደረገው» ይላል። የሆነው ግን ዶፓሚን ሳይጎድል መንገዱ መዘጋቱ ነው። ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በ1957 ሬዘርፒን በተባለ መድኃኒት የደረቁ ጥንቸሎችን በሌቮዶፓ አስነስቶ ሲያሳይ የመድኃኒት፣ የዶፓሚንና የመገተር ግንኙነት መገለጥ ጀምሯል፤ በ2000 ኖቤል ያሸለመው ስለ ዶፓሚን የሠራው ሥራ ነው።

ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ በመድኃኒት የመጣው ግትርነት በአብዛኛው ይመለሳል። ሐኪሙ መጠኑን ሲቀንስ ወይም መድኃኒቱን ሲቀይር በሳምንታትና በወራት ይለቃል። ቤተሰብ በራሱ ቢያቋርጠው ደግሞ የአእምሮ ሕመሙ ያገረሻል፤ ስለዚህ ተመልሶ ለሐኪሙ መንገር ነው። ማስታወክን ለማስቆም የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ብዙዎች ፕላሲል የሚሉት፣ እና ለራስ ማዞር የሚሰጠው ሲናሪዚንም በተለይ አዛውንት ላይ ይህንኑ ያደርጋሉ። አዲስ መንቀርፈፍ የታየበትን ሰው ወደ ሆስፒታል የሚወስድ ዘመድ ቤት ውስጥ ያለውን የመድኃኒት ካርቶን ሁሉ በፌስታል ይዞ ይሂድ። ለሐኪሙ ከብዙ ምርመራ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

«ፉል ይበቃዋል»

ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ለመታረም ያስቸግራል። ጅግጅጋና ድሬዳዋ ላይ ጠዋት የሚበላው ፉል ባቄላ ነው፤ ባቄላ ደግሞ በእርግጥ ሌቮዶፓ አለው። በ1913 ማርከስ ጉገንሃይም የተባለ ኬሚስት ባዝል ላይ ሌቮዶፓን ከባቄላ ነጥሎ አወጣ፤ ሁለት ግራም ተኩል ያህሉን ራሱ ላይ ቢሞክረው ክፉኛ አስታወከው። በሕሙማን ላይ የተሞከረው ቪየና ውስጥ ኦሌ ሆርኒኪየቪች በ1960 የፓርኪንሰን ሕሙማን አንጎል ዶፓሚን እንደጎደለው ካሳየ በኋላ ነው።

ችግሩ ልኩ ነው። ሌቮዶፓው የሚበዛው በለጋው እሸትና በቅርፊቱ ላይ ነው፤ ደርቆ፣ ተዘፍዝፎና ተቀቅሎ ፉል የሆነው ባቄላ የሚይዘው ጥቂት ነው፣ ከሳህን ሳህንም ይለያያል። በዚያ ላይ ኪኒኑ ካርቢዶፓ ተጨምሮበታል፤ ካርቢዶፓ ሌቮዶፓው አንጎል ሳይደርስ ተለውጦ እንዳይባክን ይጠብቀዋል፣ ጉገንሃይምን የመሰለ ማስታወክም ይቀንሳል። ባቄላ ይህ የለውም። ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚጎድላቸው ሰዎች ደግሞ ባቄላ ሲበሉ ቀይ የደም ሕዋሳቸው ሊፈርስ ይችላል። ፉል ለቁርስ ይብሉ፤ በኪኒን ቦታ ግን አይቁጠሩት።

«መድኃኒቱን ለክፉ ቀን እናቆየው፤ ይለምደዋል»

ተረት ነው፤ ሐኪሞችም ሲናገሩት የነበረ ተረት። ሌቮዶፓ ቀድሞ ከተጀመረ ጉልበቱ ቀድሞ ያልቃል ይባል ነበር። በ2014 የታተመ ጥናት የጋናንና የጣሊያንን ሕሙማን አነጻጽሯል። ጋናውያኑ መድኃኒቱን ያገኙት ዘግይተው ነበር፤ ቢሆንም የመድኃኒቱ ኃይል ከቀጣዩ ኪኒን በፊት ማለቁና ያለ ፈቃድ መወራጨቱ የመጣባቸው ከጣሊያኖቹ ጋር በተቀራረበ የሕመም ዕድሜ ነው። ወሳኙ ሕመሙ የቆየበት ጊዜ እንጂ ኪኒኑ የተጀመረበት ቀን አልነበረም። በማዘግየት ያተረፉት ነገር የለም፤ መንቀሳቀስ ይችሉባቸው የነበሩትን ዓመታት አጡ እንጂ። መድኃኒቱ ሕመሙን አያድንም፣ የሕዋሳቱንም ሞት አያቆምም። የጎደለውን ዶፓሚን ይተካል፤ እሱም በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ በቀን ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ፣ በሰዓቱ ይወሰዳል።

አይሻ ላይ ሦስት ነገር ይለያል። አንደኛ ወተትና ሥጋ። ከፕሮቲን የሚገኙ አሚኖ አሲዶች ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል ለመግባት ከሌቮዶፓ ጋር ይሻማሉ። ኪኒኑን በግመል ወተት የሚውጥ ሰው ከፊሉን ጥቅም ሊያጣ ይችላል። በውኃ፣ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይውሰደው፤ ወተቱን በኋላ ይጠጣ። ወተት መተው ግን አያስፈልግም፤ ሕሙማኑ እንደሆነ ክብደት ይቀንሳሉ።

ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። ሌቮዶፓ በማይገኝበት ጊዜ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ትራይሄክሲፌኒዲል፣ በተለምዶ አርቴን የሚባለው ነው። ለመንቀጥቀጥ ይጠቅማል፤ ላብን ግን ያደርቃል። ቆላ ላይ ላብ ያጣ ሽማግሌ ሰውነቱ በሙቀት ሊቃጠል ይችላል፤ ሽንቱ ሊታገድ፣ አእምሮውም ሊደናገር ይችላል። አርቴን የሚወስዱ አዛውንት ቀትር ላይ ከብት ይዘው አይውጡ፤ ቤተሰቡም ድንገት መቀባጠር ከጀመሩ መድኃኒቱን ያስብ።

ሦስተኛው ረመዳን ነው። ቁርኣን ለታመመ ሰው ጾሙን አንስቶለታል፤ ብዙ አዛውንት ግን መጾም ይመርጣሉ፣ ኪኒኑንም ከሱሁር እስከ ኢፍጣር ይተዉታል። ሕመሙ ገና ቀላል ለሆነ አንዳንድ ሰው ሐኪም ሰዓቱን ሊያመቻችለት ይችላል፤ ይህ ከወሩ በፊት የሚጠየቅ ነገር ነው። ብዙ የሚወስድ ሰው በአንድ ጊዜ ካቆመ ግን ሰውነቱ እንደ እንጨት ይገተራል፣ ከፍተኛ ትኩሳት ይነሳበታል፣ አእምሮው ይደፈርሳል፤ ወባ መስሎ ታክሞ ሊሞትም ይችላል። የፓርኪንሰን ኪኒን ያቋረጠ ሰው ሲያተኩሰው ወደ ሆስፒታል የሚወስዱት ሰዎች በር ላይ መጀመሪያ የሚናገሩት የመጨረሻዋን ኪኒን የዋጠበትን ቀን ይሁን።